የትእምርት ጥናት ለትምህርት፣ ለንድፍና ለማስታወቂያ ምርምር የሚሰጠው አገልግሎት

በአገራችን ከተሞች በመንደር ውስጥ ሲያልፉ፣ ከአንድ ቤት ደጃፍ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ይታያል። የአገሩ ሰው ይህን ባየ ጊዜ በዚያ ቤት ጠላ እንደሚሸጥ ወዲያው ያውቃል። በሌላ አገር ተወልዶ ያደገ እንግዳ ግን ጣሳው ታጥቦ እንዲደርቅ የተሰቀለ ይመስለዋል፤ ቢሳሳትም አይፈረድበትም። በጣሳው ቅርጽ ቢሆን በእንጨቱ ርዝመት «ጠላ አለ» የሚል ነገር የለምና። ጣሳው የሚናገረው አስቀድመው በነገሩ ለተስማሙት ሰዎች ነው። ፊደል ያልቈጠረው ጐረቤት ሳይቸገር ሲያነበው፣ ብዙ መጻሕፍት የመረመረው እንግዳ ሳያነበው ያልፋል።

ይህን የመሰለውን ነገር የሚመረምረው የዕውቀት ክፍል በአውሮፓ ቋንቋዎች ሴሚዮሎጂ ወይም ሴሚዮቲክስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የትእምርት ጥናት ብለነዋል። ትእምርት በግዕዝ ምልክት ማለት ነው፤ ነጠላን በትእምርተ መስቀል ማጣፋት ሲባል የሰማ አንባቢ ሁሉ ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም። ይህ ጥናት ከቋንቋና ከፍልስፍና መምህራን እጅ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ነዳፊዎች ክፍልና ወደ ማስታወቂያ ሥራ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በእኛ ግምት ግን በእነዚህ በሦስቱ ቦታዎች ፍሬ ያፈራው ከኢትኖሎጂ ጋር አብሮ በሄደበት ጊዜ፣ ማለት ተመልካቹ ዘንድ ሄዶ «ምን ታያለህ?» ብሎ በጠየቀበት ጊዜ ነው። ይህን ባላደረገበት ቦታ ያስከተለው ጉዳት ከዚህ በታች ይታያል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ጥናቱ ሁለት አባቶች አሉት ይባላል። አንደኛው በጄኔቭ ያስተምሩ የነበሩት ፈርዲናንድ ደ ሶሲዩር (1857–1913) ናቸው። ትምህርታቸው ከሞቱ በኋላ ደቀ መዛሙርት ከጻፉት ማስታወሻ ተሰብስቦ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። በእርሳቸው አባባል ትእምርት ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ጠቋሚው፣ ሌላው ተጠቋሚው ነው። ጠቋሚው የሚሰማው ድምፅ ወይም የሚታየው ነገር ሲሆን ተጠቋሚው በአሳብ የሚነሣው ነው። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው የሰዎች ስምምነት ነው እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ደግሞም አንድ ትእምርት ትርጕም የሚያገኘው ለብቻው ቆሞ ሳይሆን ከሌሎቹ በመለየቱ ነው። ሁለተኛው አባት አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ (1839–1914) ናቸው። እርሳቸው ትእምርትን ከተጠቋሚው ጋር በሚያገናኘው ነገር ለይተው በሦስት ከፈሉት። በመምሰል የሚያመለክተውን አምሳል፣ በመነካካት ወይም በመከተል የሚያመለክተውን ፈለግ፣ በስምምነት ብቻ የሚያመለክተውን ውል ብንል አሳባቸውን የምንስተው አይመስለንም። የአንበሳ ሥዕል አምሳል ነው፤ በጭቃ ላይ የቀረ የጅብ ኮቴ፣ ከጣራ በላይ የሚታይ ጢስ ፈለግ ነው፤ «ሀ» የምትባለው ፊደል ውል ናት። ጣሳውስ? ጠላ የሚጠጣበት ዕቃ በመሆኑ ጥቂት ፈለግነት አለው፤ ተደፍቶ በእንጨት ላይ መሰቀሉ ግን ውል ነው። በኑሮ የምናገኛቸው ትእምርቶች ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ የተቀላቀሉ ናቸውና፣ ክፍፍሉን እንደ መሣሪያ መያዝ እንጂ እንደ ግድግዳ ማቆም አይገባም።

የሶሲዩርን አሳብ ለመረዳት ከሸማችን የተሻለ ምሳሌ የለም። ሳይመን መሲንግ የተባሉት የኢትኖሎጂ ሊቅ በ1960 ዓ.ም. አንትሮፖስ በተባለው መጽሔት ሸማ ያለ ቃል ስለሚናገረው ቋንቋ አጭር ጽሑፍ አሳትመዋል። ጨርቁ አንድ ነው፤ የሚለየው አጣፋው ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው ጫፎቹን በሁለቱ ትከሻዎቹ አሳልፎ በመስቀል አምሳል ያጣፋዋል፤ በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድጋል፤ ኀዘን የደረሰበት ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ ይለብሳል። ማደግደግ አክብሮት መሆኑ የሚታወቀው ሳያደገድጉ መቆም የሚቻል ስለ ሆነ ነው። ሌላ አለባበስ ባይኖር ይህም ምንም ባልተናገረ ነበር። ከዚህ ላይ አንድ የምርምር ስልት ይወጣል፤ ይኸውም ሁሉን ባለበት ትቶ አንዲቱን ነገር ብቻ መለወጥና ትርጕሙ መለወጡን መጠየቅ ነው። የጥለቱ ቀለም ከቀይ ወደ አረንጓዴ ቢለወጥ ኀዘኑ ይቀራልን? ጥለቱ ወደ ታች ቢዞርስ? ትርጕምን የሚለውጠው ለውጥ የትእምርቱ አካል ነው፤ የማይለውጠው ጌጥ ነው። ስልቱ በመጽሐፍ ሥዕልም በሸቀጥ ማሸጊያም ላይ ሳይለወጥ ይሠራል።

ወደ ትምህርት ስንመጣ፣ ሥዕል ለሁሉ አንድ ቋንቋ ነው የሚለው እምነት ለረዥም ጊዜ ጸንቶ ኖሯል። ከዚህ እምነት ሰባኪዎች ትልቁ በ1925 ዓ.ም. በቪየና የኅብረተሰብና የኤኮኖሚ ሙዚየም ያቋቋሙት ኦቶ ኖይራት ናቸው። ኖይራት ቃል ሕዝብን ይለያያል፣ ሥዕል ግን ያገናኛል ብለው ያምኑ ነበር፤ በኋላ አይሶታይፕ የተባለውን የሥዕል አጻጻፍም ከረዳቶቻቸው ጋር አወጡ። በዚህ አጻጻፍ ብዛት የሚገለጸው ሥዕሉን በማተለቅ ሳይሆን እኩል የሆኑ ትናንሽ ሥዕሎችን በመደርደር ነው። ዛሬ በጋዜጣና በመማሪያ መጽሐፍ የምናያቸው የቍጥር ሥዕሎች ከዚያ የተቀዱ ናቸው፤ ጥቅማቸውንም ማንም አይክደውም። ነገር ግን ባለቤታቸው ማሪ ኖይራት በ1950ዎቹ ዓመታት ለምዕራብ ናይጄሪያ መንግሥት የሕዝብ መጻሕፍት ሲያዘጋጁ፣ ቦታው ድረስ ሄደው ሥዕሎቹን ለአገሩ ሰው እንዲስማሙ ማሻሻል አስፈልጓቸዋል። የዓለም ቋንቋ የተባለውም በየአገሩ አነጋገር ነበረው ማለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ እጅግ የሚያስተምረው ምርምር የተደረገው በአገራችን ነው። ያን ዴሬጎቭስኪ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ ከሁለት ረዳቶች ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት በሜኤን ሰዎች ዘንድ ያደረጉት ጥናት በ1972 ዓ.ም. ታትሟል። በዚያን ጊዜ ሥዕልም ወረቀትም በአካባቢው እምብዛም አይታወቁም ነበር። ሥዕል የታተመበት ወረቀት ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን መረመሩ፤ ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ እያጨማደዱ ድምፁን ሰሙ፣ በአፋቸውም ቀመሱት። ስለዚህ መርማሪዎቹ የእንስሳትን ሥዕል በሚያውቁት ነገር፣ በጨርቅ ላይ ከፍ አድርገው አተሙት። አሁን አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ፤ የለዩት ግን በአንድ አፍታ አልነበረም። አንዱ ጅራቱን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ መገጣጠሚያውን፣ ቀንዱን እያለ ክፍል በክፍል ከሄደ በኋላ ነው የዱር አውሬ መሆኑን የተናገረው።

ይህን ምርምር በችኰላ ያነበበ ሰው «ያልተማረ ሕዝብ ሥዕል አይገባውም» ይል ይሆናል። ከቶ እንዲህ አይደለም። ወረቀቱን ያሸተተው ሰው ያደረገው ትክክለኛ ነገር ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲሰጠን የቱ የዕቃው አካል እንደሚናገር፣ የቱም ዝም እንደሚል አስቀድመን አናውቅም። እኛ ወረቀቱን «የለም» ብለን ቀለሙን ብቻ ማየትን በልጅነታችን ተምረናል፤ መማራችንንም ረስተነዋል። ጨርቁ ሲመጣ ችግሩ በብዙ መቅለሉ ደግሞ ጉድለቱ ከዐይን ሳይሆን ከውሉ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከዚህ በፊት በ1960 ዓ.ም. ዊልያም ሃድሰን በደቡብ አፍሪካ ያሳተሙት ፈተና ከዚህ ጋር ሲተያይ ትምህርት ይሰጣል። በሥዕሉ ላይ ጦር የያዘ አዳኝ፣ ድኩላና ከሩቅ ያለ መሆኑን ለማሳየት በትንሹ የተሣለ ዝሆን አሉ። «ለአዳኙ የሚቀርበው የቱ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ዝሆኑን የጠቀሰ ሰው ጥልቀት የማይታየው ነው ተባለ። ነገር ግን በወረቀቱ ገጽ ላይ በእርግጥ የሚቀርበው ዝሆኑ ነው! ተጠያቂው ስለ ወረቀቱ፣ ጠያቂው ስለ ሜዳው ሲናገሩ ሁለቱም ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። በመማሪያ ክፍል ተማሪው «ስቷል» የሚባልበት ጊዜ ስንቱ እንዲህ ያለ እንደ ሆነ ማን ቈጥሮት ያውቃል? ዩኒሴፍ ከኔፓል ብሔራዊ የልማት አገልግሎት ጋር ሆኖ በ1976 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከ400 በላይ የገጠር ሰዎች ተጠይቀው፣ ከፎቶግራፍ ይልቅ ጀርባው ተቈርጦ የወጣለት ፎቶግራፍ የተሻለ ታውቋል። እንደ ቀላል ይቈጠር የነበረው በጥቂት መስመር የተሣለው ሥዕል ግን ከሁሉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የመማሪያ መጽሐፍ ሠዓሊዎች ለልጅ ይቀላል ሲሉ የሚመርጡት ይህንኑ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሥዕል ማንበብን በሌላ መንገድ የተማረ ተመልካች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎቹ ብዙ ጊዜ በጐን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በዚህ ሥዕል ፊት ቆሞ ያደገ ልጅ በጤና መጽሐፉ ውስጥ በጐን የተሣለ ሐኪም መርፌ ይዞ ሲያይ ምን ይሰማዋል? ምናልባት ምንም አይሰማውም፤ የመጽሐፍና የቤተ ክርስቲያን ውል ለየብቻው እንደ ሆነ ልጆች ፈጥነው ይለያሉና። ግን ሁለት ሥዕል አሥሎ፣ አንዱን በፊት ለፊት፣ ሌላውን በጐን አድርጎ «የትኛው ሰው ይወድሃል?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ለአንድ ከፍተኛ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።

በንድፍ ሥራ የትእምርት መሳት ዋጋው በሰው ሕይወት የሚከፈልበት ጊዜ አለ። አቶማዊ ጨረራ ባለበት ቦታ የሚለጠፈው ባለሦስት ክንፍ ምልክት በ1946 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ተነደፈ። በቤተ ሙከራ ለሚሠሩ ሰዎች ውሉ ግልጽ ነበር። በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ በታይላንድ ሳሙት ፕራካን በተባለው ግዛት ለሕክምና ያገለግል የነበረ፣ ውስጡ ኮባልት 60 ያለበት አሮጌ መሣሪያ በቍርጥራጭ ብረት ሰብሳቢዎች እጅ ገባ። ምልክቱ በመሣሪያው ላይ ነበረ፤ ከርሱ ጋር የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን በታይ ቋንቋ አልነበረም። ሰዎቹ መሣሪያውን ፈቱት። አሥር ሰዎች ብዙ ጨረራ ሲያገኛቸው ሦስቱ ሞቱ። ባለሦስት ክንፉ ምልክት በፐርስ አከፋፈል ፍጹም ውል ነው፤ አምሳልነት የለውም። ውሉን ያልሰማ ሰው የአየር ማራገቢያ ሥዕል ቢመስለው ምን ይደንቃል?

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኀይል ድርጅት ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በእኛ አስተያየት የትእምርት ጥናት በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውል ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። አዲስ ምልክት ለማውጣት አምስት ዓመት ፈጀ፤ ልዩ ልዩ ንድፎች በ11 አገሮች ለ1,650 ሰዎች እየታዩ ተፈተኑ። ከአገሮቹ ውስጥ ኬንያ፣ ሞሮኮ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሕንድና ብራዚል ይገኛሉ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. የወጣው ምልክት በቀይ መደብ ላይ ከአሮጌው ምልክት የሚወርዱ ጨረሮችን፣ የራስ ቅልና አጥንትን፣ የሚሮጥም ሰው ያሳያል። ይህ ምልክት በቤቱ በር ላይ የሚለጠፍ አይደለም። ቦታው ከመሣሪያው ክዳን ሥር ነው፤ የሚያየው ክዳኑን መፍታት የጀመረው ሰው ብቻ ነው። ነዳፊዎቹ ያሰቡት «ጨረራ ምን ይመስላል?» የሚለውን ሳይሆን «ይህን የሚያይ ማን ነው? በምን ሰዓት? በእጁስ ምን ይዟል?» የሚለውን ነበር።

አሜሪካዊው ቻርልስ ሞሪስ በ1938 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ ትእምርት ሦስት ጥያቄዎች እንዲለዩ አስተምረው ነበር፤ ትእምርት ከትእምርት ጋር እንዴት ይያያዛል፣ ከሚያመለክተው ነገር ጋር እንዴት ይገናኛል፣ ከሚጠቀምበት ሰው ጋርስ ምን ግንኙነት አለው የሚሉ ናቸው። በ1974 ዓ.ም. በዩናይትድ ስቴትስ ለአየር ጣቢያዎችና ለመንገደኞች መቀበያ የሚሆኑ 34 ምልክቶች ሲመረጡ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡት ንድፎች በነዚሁ በሦስቱ ጥያቄዎች ተመዝነዋል። ከሦስቱ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። በፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል በ1971 ዓ.ም. በመርዝ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ አዲስ ምልክት የወጣው፣ የራስ ቅልና አጥንት ለልጆቹ ሞትን ሳይሆን የባሕር ወንበዴዎችን ጨዋታ ስላስታወሳቸው ነው። የከተማይቱም የቤዝቦል ቡድን ስም ከወንበዴዎቹ የተወሰደ ነው! ልጆቹ ራሳቸው ተጠይቀው ከሁሉ የጠሉት፣ ፊቱን ያጨማደደና ምላሱን ያወጣ አረንጓዴ ፊት ተመረጠ። ሥራው ትክክለኛ ነበር፤ ሆኖም በ1980ዎቹ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ተለጣፊው ትንንሾቹን ሕፃናት ከመንካት እንዳላገዳቸው አሳይተዋል። ትርጕሙን ማወቅና እጅን መሰብሰብ ለየብቻ ናቸውና፣ አንዱን ፈትኖ ሌላውን ፈተንሁ ማለት አይቻልም።

በማስታወቂያ ላይ የመጀመሪያውን ታላቅ ምርመራ ያደረጉት ፈረንሳዊው ሮላን ባርት ናቸው። በ1964 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ የፓንዛኒ ኩባንያ የፓስታ ማስታወቂያ ወስደው መረመሩ። ሥዕሉ ግማሹ የተከፈተ የመረብ ዘንቢል ያሳያል፤ ከውስጡ የፓስታ እሽጎች፣ ጣሳ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ እንጉዳይም ፈስሰው ይታያሉ። ባርት የሚታየውን ከሚያሳስበው ለዩ። የሚታየው ቲማቲምና ፓስታ ነው፤ የሚያሳስበው ግን ከገበያ አሁን የመጣ ትኵስነት፣ የቤት እመቤት ሙያ፣ ከሁሉም በላይ ጣሊያናዊነት ነው። ጽሑፉ ደግሞ ብዙ ሊናገር የሚችለውን ሥዕል በአንድ ቦታ ያስረዋል።

የእኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅን ማስታወሱ አይቀርም፤ መመሳሰሉም እውነት ነው። ቲማቲሙ ሰም፣ ጣሊያናዊነቱ ወርቅ ነው ቢባል ባርት አይቃወሙም ነበር። ነገር ግን ልዩነቱ ከመመሳሰሉ ይበልጥ ያስተምራል። ቅኔ የሚሰማ ሰው ወርቅ መኖሩን አውቆ ይፈልገዋል፤ ሳያገኘው ሲቀር መምህሩን ይጠይቃል፤ ሲያገኘውም ለባለቅኔው ያጨበጭባል። በማስታወቂያ ግን ወርቁ ሳይፈለግ ይገባል። ተመልካቹ ያየሁት ቲማቲም ብቻ ነው ብሎ ይምላል፤ ከሱቅ ሲደርስ ግን የሚገዛው ጣሊያናዊነትን ነው። ወርቁ ተገልጦ ቢነገረው ሳቅ ይመጣበታል። ስለዚህ የማስታወቂያ ምርምር በቀጥታ «ምን ተረዳህ?» ብሎ ቢጠይቅ ሰሙን ብቻ ይዞ ይመለሳል። አንዲቱን ነገር ለውጦ የማሳየት ስልት እዚህ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ዘንቢሉን በብረት ሣጥን ለውጦ «ይህን የሚገዛ ምን ዐይነት ሰው ነው?» ቢባል ወርቁ በመልሱ ውስጥ ሳይታወቀው ይወጣል።

ባርት አንድ ነገር በቅንነት ተናግረዋል፤ ፓንዛኒ የሚለው ስም ጣሊያናዊነትን የሚያሸተው ለፈረንሳዊ እንጂ ለጣሊያናዊው እምብዛም አይደለም። ይህንኑ ወደ እኛ እናምጣው። ባርት ጣሊያናዊነት ካዩባቸው ነገሮች አንዱ የሥዕሉ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ቀለም ነው። እነዚህን ሦስት ቀለማት ባንድነት ያየ ኢትዮጵያዊ የሚያስበው የማንን ሰንደቅ ዓላማ እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። የባርት ምርመራ ድንቅ ነው፤ ግን ባንድ ፈረንሳዊ ዐይን የተደረገ ንባብ ነው፤ ሁለተኛ ሰው አልተጠየቀበትም። ብዙ ተከታዮቻቸው ይህን ዘንግተው በጠረጴዛቸው ላይ ያገኙትን ትርጕም የሕዝብ ትርጕም አድርገው ጽፈዋል።

ትእምርት በገበያ ላይ ገንዘብ መሆኑን አገራችን በሌላ መንገድ አይታዋለች። መንግሥት በ2005 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በዩናይትድ ስቴትስ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ክርክርም ተነሣ፤ በ2007 ዓ.ም. ስታርበክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ። የክርክሩ ሥር የትእምርት ጥያቄ ነው። ስሙ የቦታ ምልክት ብቻ ከሆነ ማንም ይጠራዋል፤ የጣዕምና የክብር ምልክት ሆኖ ዋጋ የሚያስጨምር ከሆነ ግን ዋጋው የማን ነው? ይርጋ ጨፌ የሚለውን ቃል በሩቅ አገር የሚያነበው ጠጪ ከተማይቱን በካርታ ላይ ላያውቃት ይችላል። ለገበሬው የመኖሪያው ስም የሆነው ለርሱ የሽታ ስም ነው።

በመጨረሻ ለትምህርት፣ ለንድፍም ለማስታወቂያም የጋራ የሆነውን፣ እስካሁንም በቂ ምርመራ ሳይደረግበት የቀረውን የቅደም ተከተልን ነገር እናንሣ። መድኀኒት ከመውሰድ በፊትና በኋላ፣ ዘር ከመዘራቱ እስከ አጨዳው ተብለው የሚሣሉ ተከታታይ ሥዕሎች ከየት በኩል ይጀምራሉ? ሠዓሊው ከግራ ይጀምራል፤ ፊደል የቈጠረውም እንዲሁ። ቁርኣን ቤት የተማረው ከቀኝ መጀመርን ለምዷል። ምንም ያልተማረው ደግሞ መጀመሪያ ያለው መሆኑን ላያስብ ይችላል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ፊት ሦስቱም ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ከነርሱም አንዱ ሥዕሉን በተገላቢጦሽ ቢያነበው ጤነኛው ሰው መድኀኒት ወስዶ ታመመ ማለት ነው። መርማሪው ሥዕሎቹን እንደ ካርታ ለያይቶ ቀላቅሎ ይስጣቸው፤ እነርሱም በመሬት ላይ ራሳቸው ይደርድሩ፤ ማን ከየትኛው እጅ እንደ ጀመረ ይጻፍ። ይህንም ሲያደርግ መምህሩ ወይም አስታማሚው ከአጠገብ ባይኖር ይመረጣል፤ ሰው በሚያከብረው ሰው ፊት የሚያየውን ትቶ የሚጠበቅበትን ይናገራልና። ሥዕሉ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው።